የፊስቱላ ገንዘብ ወዴት ይሂድ?

ሰላም እህቴ። «ድሬዳዋ ያለን ጓደኛሞች ስለ ፊስቱላ ግንዛቤ ለመፍጠርና ገንዘብ ለማሰባሰብ አስበናል፤ ቲሸርት አሳትመን የእግር ጉዞ ብናደርግስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐረር ላይ ከዕድራችን ሴቶች ጋር ይህን ሥራ ከጀመርን ቆየን። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ቲሸርቱን ተዉት። ካዋጣችሁት ብር ብዙው ማተሚያ ቤት ይቀራል። የሚለብሰውም ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ወዳጃችሁ ነው። እሱ ሚስቱ ምጥ ሲይዛት ባጃጅ ጠርቶ ድል ጮራ ሆስፒታል ያደርሳታል። ይህ ችግር ይበልጥ የሚጎዳው መንገድ የራቀባትን፣ ወረዳ ውስጥ ያለችውን ሴት ነው።

ፊስቱላ የሚመጣው ምጥ ሲንዛዛ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ አጥንት ላይ ተቀርቅሮ ሲቆይ፣ መሃል ያለው ሥጋ ደም ያጣና ይሞታል። ከዚያ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንት፣ አንዳንዴም ሰገራ፣ ሳታውቀው ይፈሳል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። በሰዓቱ ሐኪም ዘንድ ብትደርስና ኦፕራሲዮን ብትሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ አትጨነቁ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው የጀመሩት ሥራ ዛሬ ሐረርም ማዕከል አለው። ሕክምናው ነፃ ነው። ስለዚህ «ለኦፕራሲዮን እርዱ» ብላችሁ ገንዘብ አትሰብስቡ። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለመንገዱ ነው።

አንድ ቀን አወዳይ ገበያ ዳር ቆመን ስናስተምር አንድ ጫት ያመጣ ገበሬ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ቀረበኝ። «ስንት ያስከፍላል?» አለኝ። ነፃ ነው አልኩት። አላመነኝም። «አልጋውስ? መድኃኒቱስ? ምግቡስ?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። የእህቱ ነገር ነው። ከወለደች ዓመታት አልፈዋል፣ ከጓሮ በተቀለሰች ጎጆ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ቤተሰቡ በሬ ካልተሸጠ አትታከምም ብሎ ተቀምጧል። ቁጭ ብለን ስናሰላው የጎደለው የእሷና የእናቷ መሳፈሪያ፣ ትንሽ ስንቅና ፍየሎቹን የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ዕድሩ ሸፈነው። ታክማ፣ ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያለማቋረጥ ሽንት የሚፈሳት ሴት ሚኒባስ ውስጥ ከሰው ጋር ተፋፍጋ መቀመጥ ትሳቀቃለች። መንገድ ላይ ውረጂ የተባሉም አሉ። የምትችሉ ከሆነ ኮንትራት ያዙ። የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ቅያሪ ልብስና አንድ ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። ለዚህ የወጣ ብር አይቆጭም።

ከዚያ የቀረ ገንዘብ ካለ ለእናቶች ማቆያ ስጡት። ቤታቸው የራቀ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ ጤና ጣቢያው ግቢ ገብተው የሚጠብቁበት ቤት ነው። ፊስቱላን አስቀድሞ የሚያስቀረው እንዲህ ያለው ነገር ነው። እኛ ባየነው ማቆያ ሴቶቹ ገብተው ከቀናት በኋላ የሚወጡት የሚበላ ሲያልቅባቸው ነበር። የገንፎ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሹሮ፣ ማገዶ፣ ለሆጃ የሚሆን የቡና ገለባ ወሰድን። ሆጃው ሲፈላ ቤቱ ሞቅ ይላል፤ ወሬው ይደራል፤ ማንም ልሂድ አይልም። ጉልበት ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ቅስቀሳውን በተመለከተ፣ አዳራሽ አትከራዩ። ቀፊራ ገበያ ጠዋት ጠዋት አትክልትና ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች አሉላችሁ። በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚናገር ሰው ይኑራችሁ፣ አለዚያ ድካም ብቻ ነው። ወንዶቹን ከጁምዓ ሶላት በኋላ አግኟቸው፤ ኢማሙን አስቀድማችሁ ካነጋገራችሁ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩላችኋል። ሐኪም ቤት ትሂድ አትሂድ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ ባልና አማት ናቸው። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ ምጥ ሲጀምር ወደ ጤና ጣቢያ፤ ምጡ ከጀመረ 12 ሰዓት ካለፈው ፈጽሞ ቤት አትቆይ፤ ወልዳ ሽንት የሚፈሳት ካለች ይድናል፣ በነፃ ነው። ልጅ ሳሉ መዳርንም ሳትፈሩ አንሱት፤ ዳሌዋ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅ አደጋው ይብስባታል።

የታካሚ ፎቶ ግን በፍጹም አትለጥፉ። «ፊቷን እንሸፍነዋለን» የሚላችሁ ይኖራል። እንቢ በሉ። ሰፈሯ በልብሷም ያውቃታል።

ከጤና ቢሮ ደብዳቤ ሳትይዙ አትጀምሩ። የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን፣ ደረሰኙን በየወሩ ለሰጪዎች አሳዩ። ግንቦት 15 ዓለም አቀፍ የፊስቱላ ቀን ነው፤ ያኔ ሰው ጆሮ ስለሚሰጥ ሒሳባችሁን ያን ቀን ብታቀርቡ ጥሩ ነው።

ወደ ማዕከሉ ስትመጡ የደንገጎን ዳገት በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ሠራተኞቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። በኦሮምኛ ያዘጋጀናት አጭር የድምፅ መልእክት አለችኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ልላክልሽ። አቦ በርቱ።