ማታ ሲመራ የነበረው እንዴት ተሸነፈ?

ጥያቄ፦ በ2018 የካሊፎርኒያ የትምህርት የበላይ ኃላፊ ምርጫ፣ ማታ ስተኛ ማርሻል ተክ ይመራ ነበር። ኋላ ቶኒ ተርመንድ አሸነፈ ተባለ። ድምፁ ከየት መጣ? (አንዲት እናት፣ ከኦክላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከእኔ ዓይነቱ ሰነፍ ነዋ! የድምፅ ወረቀቴን በፖስታ የላክሁት በምርጫው ዕለት፣ ኖቬምበር 6፣ ከሥራ ስወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ፣ የዕለቱ ማኅተም ካለበት፣ በ3 ቀን ውስጥ ቢደርስም ይቆጠር ነበር። ፊርማው ደግሞ አንድ በአንድ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ጊዜ የበላው ይኸው ነው። ተክ ሽንፈቱን የተቀበለው ኖቬምበር 17፣ ከምርጫው በ11ኛው ቀን ነበር፤ ልዩነቱም 2 በመቶ አልሞላ።

ሁለቱም ዴሞክራቶች ናቸው። ያጣላቸው የቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር) ጉዳይ ነው፤ የመምህራን ማኅበሩ ከተርመንድ፣ የቻርተር ደጋፊ ባለሀብቶች ከተክ ጎን ቆመው ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። ከዚያ ሁሉ ብር ለእኔ የደረሰኝ፣ የፖስታ ሳጥኔን ያጨናነቀ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው። ልጄ አውሮፕላን ሠራበት።