ሮም ሽንፈት ትችል ነበር፦ ስለ ሮም ጦር ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ሮም ጦር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እናንተም አላሳፈራችሁኝም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቅ.ል.ክ. ያልኩት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው።

ጥያቄ፦ ሳታስረዝም ንገረን። ሮማውያን ያን ሁሉ አገር የያዙት በምን ተሽለው ነው?

ሽንፈት በመቻል። የምሬን ነው። በስልትም በጀግንነትም የሚበልጧቸው ጠላቶች ገጥመዋቸዋል። በ216 ቅ.ል.ክ. ካኔ በምትባል የደቡብ ጣሊያን ሜዳ ላይ ካርቴጅ የምትባል የሰሜን አፍሪካ ከተማ የጦር አለቃ ሃኒባል ከቦ ፈጃቸው። ቁጥሩን አነስ የሚያደርገው የታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንኳ ሟቹን ወደ 48 ሺህ ያደርሰዋል። ያውም በአንድ ቀን! በየዓመቱ ከሚመረጡት ሁለት ቆንሲሎች (የአገሪቱ መሪዎች) አንዱ እዚያው ወደቀ።

ሌላ ከተማ ቢሆን በማግስቱ ሽማግሌ ይልክ ነበር። ሃኒባልም የጠበቀው ይህንኑ ነው። ምርኮኞቻችሁን በገንዘብ ውሰዱ ብሎ ላከባቸው። የሮም ሴኔት ምን ቢል ጥሩ ነው? አንፈልግም። የገዛ ልጆቻቸውን! ይልቅ መንግሥት 8 ሺህ ባሪያዎችን ከየጌቶቻቸው ገዝቶ አስታጠቀ። ጊዜ ፈጀባቸው እንጂ በ202 ቅ.ል.ክ. ሲፒዮ የሚባል የሮም የጦር አለቃ ሃኒባልን ዛማ በምትባል የሰሜን አፍሪካ ቦታ ድል ነሳው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሰው ሲያልቅባቸው ሌላ ሰው ከየት ያመጡ ነበር?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የጣሊያንን ከተሞች ድል ሲያደርጉ ገንዘብ አምጡ አላሉም። ወታደር አምጡ ነው ያሉት። ትናንት የተወጋው ከተማ ዛሬ ልጆቹን አሰልፎ ከሮም ጎን ይዘምታል። ከምርኮውም ይካፈላል። የታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ በ225 ቅ.ል.ክ. ለጦር የሚደርሰውን ሮማዊና አጋር ሲቆጥር ከ700 ሺህ በላይ እግረኛና 70 ሺህ ያህል ፈረሰኛ ያገኛል። ሃኒባል ይህን ሁሉ ገድሎ አይጨርስም።

ነገሩ ግን ጣጣ ነበረው። ከአጋር የሚገኘው ወታደር ብቻ ከሆነ፣ ሳይዘምቱ መክረም ኪሳራ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ዘመቻ አለ። አጋሮቹም ውሎ አድሮ መረራቸው። እኛ እየሞትን ዜግነቱ ለእናንተ ብቻ ነው ወይ ብለው በ91 ቅ.ል.ክ. አመፁ። የራሳቸውን ሳንቲም ሁሉ አወጡ። አንዱ ላይ በሬ ተኩላ ሲወጋ ይታያል። ተኩላዋ ሮም ናት። ሮም እየተዋጋቻቸው ዜግነቱን ሰጠቻቸው! እኔን ከጠየቃችሁኝ ከዛማ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው የመቶ አለቃ በትክክል መቶ ወታደር ነበረው?

80 ነበረው። ስሙ ከድሮ የቀረ ነው። ስምንት ሰው በአንድ ድንኳን ያድራል። አሥር ድንኳን ሲደመር የመቶ አለቃው ጭፍራ ይሆናል። ስምንቱ የሚጋሩት አንድ በቅሎና አንድ የእጅ ወፍጮ አላቸው። እህሉን የሚፈጩት ራሳቸው ናቸው። ጌራሴኖን ላይ ርኩሱ መንፈስ ስሜ ነው ያለው ሌጌዎንም 5 ሺህ ያህል ሰው ያለበት ክፍል ነው። ብዙዎች ነን ማለቱ ለዚህ ነው።

የመቶ አለቃ ምልክቱ የወይን ግንድ ዱላ ነበር። ዱላው ለጌጥ አይደለም። ታሲተስ ሉሲሊየስ ስለሚባል አንድ የመቶ አለቃ ይነግረናል። ወታደሩን ጀርባው ላይ ሲገርፈው ዱላው ይሰበራል። ያኔ "ሌላ አምጡ!" ይላል። ያም ይሰበራል። "ሌላ አምጡ!" ወታደሮቹ ቅጽል ስሙን "ሌላ አምጡ" አሉት። በ14 ዓ.ም. ሲያምፁ መጀመሪያ ከገደሏቸው ውስጥ እሱ ነበረበት። አይፈረድባቸውም።

ጥያቄ፦ ተራው ወታደር ውሎው እንዴት ነበር? ሁልጊዜ ጦርነት ነው?

ኧረ በጭራሽ! ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ቪንዶላንዳ የሚባል ምሽግ አለ። ከ1973 ጀምሮ ከጭቃው ውስጥ በቀጫጭን እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ሲወጡ ኖረዋል። ወደ 1900 ዓመት ገደማ የቆዩ ናቸው። አንዱ ደብዳቤ ምን ይላል? ካልሲ ልኬልሃለሁ፣ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማና ሁለት የውስጥ ሱሪም አለበት። ብርዱ ጠንቶበት ይሆናል፣ ምስኪን።

ሌላው የሰው ቁጥር ሪፖርት ነው። ከዛሬዋ ቤልጂየም የመጣ የቱንግሪ ክፍል ነው። በመዝገብ 752 ሰው አለው። ከእነዚህ 456ቱ ለሌላ ሥራ ሄደዋል። ምሽጉ ውስጥ ካሉት 296 ውስጥ 15ቱ ታመዋል፣ 6ቱ ቆስለዋል፣ 10ሩን ዓይናቸውን አሟቸዋል። ለውጊያ ብቁ የሆነው 265 ብቻ ነው! ካርታ ላይ ቀይ የተቀባውን ግዛት ስታዩ ይቺን ቁጥር አስቧት።

ጥያቄ፦ ካርቴጅን አፍርሰው መሬቷ ላይ ጨው በትነዋል የሚባለው እውነት ነው?

ማፍረሱ እውነት ነው፣ በ146 ቅ.ል.ክ.። ጨዉን የጠቀሰ አንድም የጥንት ጸሐፊ የለም። ቆይተው እንዲያውም ራሳቸው መልሰው ገነቧት፤ ከግዛቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ካርቴጅን አትርሷት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ጥያቄ፦ ወደ እኛ አገር አልመጡም?

የሮም ጸሐፊዎች ኢትዮጵያን ወጋን ሲሉ የሚያወሩት ስለ ኩሽ ነው፤ የዛሬው ሱዳን። በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን የግብፁ ገዥ ፔትሮኒየስ ከመርዌ ሰዎች ጋር ተዋግቷል። የመርዌዋ ንግሥት አንድ ዓይኗ የጠፋ ወንዳወንድ ነበረች ይላል ስትራቦ። በመጨረሻ ታርቀው አውግስጦስ ግብሩን ማረላቸው። የሚያስቀው ሌላ ነው። በ1910 መርዌ ላይ ሲቆፈር የአውግስጦስ የነሐስ ራስ ተገኘ። የተቀበረው ደጃፍ ላይ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሁሉ እንዲረግጠው ተደርጎ ነው።

ከአክሱም ጋር ግን ነገሩ ንግድ ነበር፣ በአዱሊስ በኩል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሂምያርን (የዛሬዋን የመን) ሲወጋ የምሥራቁ ሮም ንጉሥ፣ የቁስጥንጥንያው ዩስጢኖስ ከጎኑ ነበር።

ጥያቄ፦ እንደዚያ ሲስፋፉ ቆይተው ለምን ቆሙ?

በ9 ዓ.ም. ጀርመን ጫካ ውስጥ ሦስት ሌጌዎኖች አለቁ፦ 17ኛው፣ 18ኛውና 19ኛው። አዛዣቸው ቫሩስ ይባላል። ቁጥራቸው ከዚያ ወዲያ ለሌላ ክፍል አልተሰጠም። ስዌቶኒየስ እንደሚለው አውግስጦስ ራሱን ከበር ጋር እያጋጨ "ቫሩስ፣ ሌጌዎኖቼን መልስልኝ!" ይል ነበር።

ከካኔ ጋር አስተያዩት። ያኔ ሟቹ በጣም ይበዛ ነበር፣ ግን ተኩ። አሁን ለምን ከበዳቸው? ወታደሩ ስለተቀየረ። የካኔው ወታደር ማሳውን ትቶ የመጣ ገበሬ ነው። የአውግስጦሱ ደግሞ ሙያተኛ ነው። ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፣ በዓመት 225 ዲናር ይከፈለዋል፣ ሲሰናበት ጉርሻ አለው። ጎበዝ ወታደር ነው፣ ግን ውድ ነው። ውድ ዕቃ ደግሞ እንዲሰበር አይፈለግም። ንጉሡ ትራያን በ117 ግዛቱን የመጨረሻው ወሰን አደረሰ። ተተኪው ሐድሪያን ወዲያው ከፊሉን ለቀቀ። በ122 ብሪታንያ ላይ 117 ኪሎ ሜትር ግንብ አስጀመረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ያጠፋቸው ምንድን ነው? ቅንጦት? ብልግና? እርሳስ ጠጥተው ነው የሚልም ሰምቻለሁ።

የውሃ ቧንቧቸው የእርሳስ መሆኑ እውነት ነው። ግን ግዛቱ ኋላ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። የምሥራቁም ሮማዊ ያንኑ ቧንቧ ይጠቀም ነበር፤ እሱ ግን ተጨማሪ ሺህ ዓመት ኖረ። ቅንጦቱም የደራው ግዛቱ በሰፋበት ዘመን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንለፋቸው።

እኔ የማየው ወታደሩ ዋጋውን ማወቁን ነው። በ193 የንጉሡ ዘቦች ንጉሡን ገደሉና ዙፋኑን ጨረታ አወጡ። ቃል በቃል! ሁለት ሰዎች ዋጋ ተፎካከሩ። ዲዲየስ ዩሊያኖስ ለያንዳንዱ ዘብ 25 ሺህ ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ ነው) ቃል ገብቶ አሸነፈ። ሁለት ወር ገዝቶ ተገደለ። ከዚያ የመጣው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ሊሞት ሲል ለልጆቹ የመከረው ይነገራል፦ ተስማሙ፣ ወታደሩን አበልጽጉ፣ ሌላውን ሁሉ ናቁ።

ከ235 እስከ 284 ባለው ጊዜ ከሃያ በላይ ሰዎች ነገሡ። የሚበዙት የሞቱት በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ነው። በ260 ንጉሡ ቫለሪያን በፋርሱ ሻፑር ተማረከ። ደመወዝ ለመክፈል የብር ሳንቲሙን መዳብ ሲቀላቅሉበት ብሩ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ያኔ ገበያው ምን እንደሚሆን ለዚህ አገር ሰው አላስረዳም።

ጥያቄ፦ ባዕዳን ወረው አጠፏት የሚለውስ?

በ376 ጎቶች የሚባሉ ሕዝቦች ሁኖች ከሚባሉ ወራሪዎች ሸሽተው ዳኑብ ወንዝ ዳር ደረሱ። አስጠጉን፣ ወታደር እንሆናችኋለን አሉ። የድሮዋ ሮም የምትፈልገው እኮ ይሄንን ነበር! የምሥራቁ ጃንሆይ ቫሌንስም ፈቀደ። በቦታው የነበሩት ሹማምንት ግን እህሉን ሰወሩት። አሚያኖስ የሚባለው ወታደር የነበረ ጸሐፊ ያደረጉትን ጽፎታል። ውሻ እየሰበሰቡ ለተራበው ስደተኛ ይሸጣሉ። የአንድ ውሻ ዋጋ አንድ ሰው ነው። ልጁን ሰጥቶ ውሻ ይበላል። የባላባት ልጅ ሳይቀር እንዲህ ተሸጠ።

ጎቶቹ አመፁ። በ378 ነሐሴ ወር አድሪያኖፕል ላይ የምሥራቁ ዘማች ጦር ሁለት ሦስተኛው አለቀ። የቫሌንስ ሬሳ እንኳ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ መነሳት ለምን አቃታቸው?

አሁን ካርቴጅን አንሷት። የምዕራቡ ሮም እህልም ግብርም በብዛት የሚመጣው ከሰሜን አፍሪካ ነበር። በ439 ቫንዳሎች የሚባሉ ሕዝቦች ንጉሥ ጋይሴሪክ ካርቴጅን ያዘ። ግብር ከሌለ ደመወዝ የለም፣ ደመወዝ ከሌለ ጦር የለም።

በ468 ምሥራቅና ምዕራብ ተባብረው ከ1000 በላይ መርከብ ላኩበት። ጋይሴሪክ አምስት ቀን ስጡኝ፣ ልምከር አለ። አዛዡ ባሲሊስኮስ ሰጠው! ነፋሱ ሲዞርለት ጋይሴሪክ ባዶ መርከቦችን በእሳት አቀጣጥሎ ለቀቀባቸው።

ከድሮዋ ሮም ጋር አስተያዩት። በ255 ቅ.ል.ክ. ማዕበል የሮምን መርከቦች አብዛኞቹን ቢያሰጥም፣ እንደ ፖሊቢየስ አባባል በሦስት ወር 220 አዲስ ሠርተዋል። በ468 ለምዕራቡ ሁለተኛ መርከብ የሚሠራለት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ነገ ፈተና አለብኝ። ሮም የወደቀችው መቼ ነው?

476 ብለህ ጻፍ፣ የኔ ልጅ። "ምዕራብ" የምትለዋን ቃል አትርሳ፤ ምሥራቁ እስከ 1453 አለ። ቦታ ከተረፈህ ኦዶአክር የሚባል የጦር አለቃ ራቬና ላይ ሮሙሉስ የሚባለውን ልጅ ከዙፋን አወረደው በል። አልገደለውም። ገና ልጅ ነው ብሎ አዘነለትና በዓመት 6 ሺህ የወርቅ ሳንቲም ቆርጦለት ወደ ዘመዶቹ ሸኘው።