ሐመር ልንወርድ ነው፤ ምን ይዘን እንሂድ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ፤ 27 ዓመቴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እኔንና ባለቤቴን ለወንጌል ሥራ ወደ ሐመር ልትልከን ነው። መስከረም ላይ ቱርሚ እንገባለን። ባለቤቴ የወላይታ ልጅ ነው፤ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ነው። ሐመርኛ አንድም ቃል አናውቅም። እርስዎ እዚያ 11 ዓመት እንዳገለገሉ ሰምቻለሁ። ምን ይዘን እንሂድ? ከየት እንጀምር? ስለ ሚንጊ፣ እርጉም ነው ተብሎ ለሞት ስለሚሰጠው ሕፃን፣ የሰማሁት ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። እናቴም «ልጄን ለበረሃ አልሰጥም» ብላ እያለቀሰች ነው።
ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ «ምን ይዘን እንሂድ» ያልሽው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። እኛ ስንሄድ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ ጭነን ነበር፤ ከምእመናን የተለመነ። የሐመር ሴት የፍየል ቆዳዋን በጨሌና በዛጎል አስጊጣ፣ ጠጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሳ ጎንጉና ቆማለች። እኔ የሰው አሮጌ ሹራብ እዘረጋላታለሁ። በዚያ ሙቀት! አንዷ ሳትሳደብ ተቀበለችኝና ለፍየል ግልገሏ አነጠፈችው። ደግ አደረገች።

ለራሳችሁ አጎበር፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራትና ሁለት ጄሪካን ያዙ። ወባው አይምርም። ለሰው ቤት ደግሞ የቡና ገለባ ግዙ። የቱርሚ ገበያ ሰኞ ነው፤ ዲመካ ቅዳሜ ይቆማል። እዚያ የሚፈላው ፍሬው ሳይሆን ገለባው ነው፤ ሸፈሮ ይባላል። የሚጠጣው በቅል ነው።

በዚሁ ሸፈሮ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። በገባን በሁለተኛው ሳምንት አንድ አባወራ ቤት ተጠራን። ጎንበስ ብለን ገባን። ሽማግሌው ቅሉን ተቀብለው ፉት አሉና ከአፋቸው ፕስስስ አድርገው ረጩት። መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ እኛ። ነጠላዬን ጎትቼ ፊቴን ጠረግሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስታቸው ዓይኗን ከእኔ አንስታ እሳቱ ላይ ጣለች።

ለካ እየመረቁን ነበር። ባርጆ እየጠሩልን። ዝናቡም፣ ከብቱም፣ ልጁም፣ ጤናውም በባርጆ ነው የሚመጣው ይላሉ። ነገሩን ሳውቅ አያቴ ትዝ አለችኝ። «እትፍ እትፍ፣ እደጊልኝ» እያለች ምራቋን ፊቴ ላይ ስትረጭ አንድ ቀን ጠርጌው አላውቅም። ሐመር ላይ ሲሆን ግን ቆሻሻ መሰለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገለባ ይዤ ተመለስኩ። ሽማግሌው እንደገና ረጩ። እስኪደርቅ ተውኩት።

ያቺው ሚስታቸው ናት በኋላ ያስተማረችኝ። በአማርኛ ስጸልይ «በረከት፣ በረከት» ስል ሰምታ ልጇን «ባርጆ ማለቷ ነው?» ብላ ጠየቀች። በዚያች ቃል እኔና ባለቤቴ አንድ ዓመት ተነታርከናል። እሱ «የእነሱን እምነት ከኛ ጋር መቀላቀል ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «የሚገባቸው ቃል እሱ ነው» እላለሁ። እስካሁንም አልተስማማንም። እኔ ግን «ባርጆ» እያልኩ ጸለይኩ።

ቋንቋውን ከሴቶቹ ተማሪ። ማሽላ ሲፈጩ ድንጋዩ ጋ ቁጭ በይና አብረሽ ፍጪ። ይስቁብሻል፤ ተዪአቸው ይሳቁ። እኔ ገበያ ላይ ለመግባባት ስምንት ወር ፈጀብኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ የሚያጽናና ነገር ለመናገር አራት ዓመት። በአማርኛሽ አትመኪ። ከደጋ የወረደ አማርኛ ተናጋሪን እዚያ የሚያውቁት በወታደር፣ በግብር ሰብሳቢና በነጋዴ ነው። አንቺም መጀመሪያ ከነሱ ትቆጠሪያለሽ፤ አይክፋሽ።

ባለቤትሽ ደግሞ ዘመዶቹን ይጠይቅ። ጣልያን በ1929 ዓ.ም. የውጭ ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። ፈረንጅ ሳይኖር ጎረቤት ለጎረቤት በገዛ ቋንቋው እያወራ ነው እዚያ የደረሰው። ቆይቶ ከነዚያው ገበሬዎች ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ ይዘው ወደ አሪና ወደ ሌላውም አገር በእግር ወጡ። እኛን የላከን ቢሮ ግን «ስንት ሰው አመነ?» የሚል ቅጽ በየሦስት ወሩ ይልክብን ነበር። አንዴ «ዜሮ፤ ማሽላ መፍጨት ግን ተምሬያለሁ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። በዚያ ሰሞን ደሞዛችን ሁለት ወር ዘገየ። በዚህ ምክንያት አይመስለኝም፤ እንጃ።

ስለ ሚንጊ፦ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን እርጉም ነው ስለሚባለው ነው የሰማሽው። በገባሽ ማግስት ቆመሽ አትስበኪበት። ጎረቤቶቻቸው ካራዎች ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2012 ትተናል ያሉት የገዛ ልጆቻቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ለዓመታት ተነጋግረው ነው። አንድ ሕፃን ለሞት ተሰጥቶ ካየሽ ግን ቋንቋ እስክለምድ ብለሽ አትጠብቂ። ልጁን ስጡኝ በያቸው። ነርስ ነሽ፤ ክሊኒክ ውስጥ እናቶቹ ከማንም በፊት ለአንቺ ሹክ ይሉሻል።

እናትሽን በስልክ አታባብያት፤ ውሰጃት። የኔዋም አልቅሳ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሰኞ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ከዚያ የሽማግሌው ሚስት ቤት ገባን። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ሴትዮዋ እናቴን ጠጉሯን ዳሰሰቻት፤ እናቴም የሷን ዳሰሰች። ትንሽ ቆይታ እናቴ የሚፈጨውን ማሽላ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «አልደቀቀም» አለች። መጁን ከሴትዮዋ እጅ ነጥቃ ራሷ መፍጨት ጀመረች።