የወልደሚካኤል «ል» የት ገባች? ስለ ዱሮ ሲስተሞች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «የዱሮ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የዱሮ የፕሮግራም ቋንቋ አይቶ የማያውቅ ፕሮግራመር ግማሽ ሥራውን በዳበሳ ነው የሚሠራው» ብዬ ነበር። (ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያዘው ሶፍትዌር ነው።) ከደሴም ከኮምቦልቻም የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ግማሹ ጥያቄ ሳይሆን ቁጣ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለፋብሪካና ለመጋዘን ሶፍትዌር ስጽፍና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቤቴ ደሴ ነው። ሐረጎን ስወርድና ስወጣ መኪና ውስጥ ያሰብኩትን ነበር የተናገርኩት። የቻልኩትን ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሥራ ያለው ጃቫስክሪፕት ላይ ነው፣ ድረ ገጽ የሚሠራባት ቋንቋ ላይ። ሰው የረሳውን ነገር መማር ጊዜ ማባከን አይሆንም? (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

«ጋሼ» ያልከው ሽበቴን ሰምተህ ከሆነ ይቅር ብዬሃለሁ። ሰው ረሳው ያልከው ነገር ግን ኪስህ ውስጥ ነው። ስልክህ አንድሮይድ ከሆነ ከሥሩ ሊነክስ የሚባል ሲስተም አለ። ሊነክስ በ1991 ሲጀመር ዩኒክስ የሚባለውን የዱሮ ሲስተም አሠራር ተከትሎ ነው። ዩኒክስን ደግሞ እነ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ውስጥ የጀመሩት በ1969 ነው።

ጃቫስክሪፕትም ከሰማይ አልወረደችም። ብሬንዳን አይክ በ1995 የመጀመሪያውን የሠራው በ10 ቀን ነው። 10 ቀን እንዴት በቃው? ዋና ዋናውን ሐሳብ ከጎረቤት ስለወሰደ ነው። ፈንክሽንን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) እንደ ማንኛውም ዕቃ ማቀበል የመጣው ስኪም ከምትባል ቋንቋ ነው። ስኪም የ1975 ናት፣ የሊስፕ ልጅ። ሊስፕ የ1958። ክሎዠር (ፈንክሽን በተፈጠረበት ቦታ የነበሩትን ነገሮች ይዞ መዞሩ) አልገባ ብሎህ ቪዲዮ ስታይ የምታድር ከሆነ ሁለት ቅዳሜ ስኪምን ሞክራት። እዚያ ሌላ ጌጣ ጌጥ ስለሌለ ነገሩ ራቁቱን ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ አዲስ ፎልደር ከፍቼ በላቲን ፊደል ሲ፣ ኦ፣ ኤን ብዬ ልሰይመው ስል እምቢ አለኝ። ቫይረስ ነው እንዴ? (ፒያሳ፣ ኮምፒውተር ጥገና)

ውርስ ነው። በ1970ዎቹ ሲፒኤም የሚባል ሲስተም ነበር። እሱ ላይ «ኮን» ማለት ኪቦርዱና ስክሪኑ ማለት ነው። የዊንዶውስ ቅድመ አያት ዶስ በ1981 ሲመጣ ስሙን ወረሰ። ያኔ ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረም። በ1983 ፎልደር ሲጨመር፣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ተብሎ ስሙ በየፎልደሩ ውስጥ እንዲሠራ ተደረገ። በቃ፣ ስሙ እንደተያዘ እስከ ዛሬ አለ፤ ለፎልደር አይሰጥም። ደንበኛህ «ድራይቩ ለምን ከሲ ይጀምራል? ኤና ቢ የት ሄዱ?» ቢልህም መልሱ እዚያው ሰፈር ነው። ኤና ቢ የፍሎፒ፣ የዱሮው ተነቃይ ዲስክ፣ ነበሩ።

ጥያቄ፦ እኛ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ መታወቂያ ሲታተም የአንዳንድ ሰው ስም መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። የሌላው ሰው ደህና ነው። ይሄ ደግሞ ከዱሮ ነገር ጋር ምን አገናኘው? (ኮምቦልቻ፣ የሰው ኃይል ክፍል)

እህቴ፣ ይህን ጥፋት ራሴ ሠርቼው ስለማውቅ ትንሽ ላውራ።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የሠራተኛ መዝገብ ሠራሁ። ለስም 20 ባይት (ባይት ኮምፒውተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ሣጥን ነው) ቦታ ሰጠሁ። 20 ፊደል መስሎኝ ነው። ሙሀመድ አለፈ፣ ከድጃ አለፈች፣ እንድሪስ አለፈ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መታወቂያውን ይዞ መጣና «እኔ አሁን ወልደሚካኤ ነኝ?» አለኝ። «ል»ዋ የለችም። በሷ ቦታ የጥያቄ ምልክት ቁጭ ብሏል። ሰውዬው ስቆ ተወው፤ እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቲኤፍ-8 ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ደንብ ነው። በእሱ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። ሙሀመድ 4 ፊደል ስለሆነ 12 ባይት ይበቃዋል። ወልደሚካኤል 7 ፊደል ነው፣ 21 ባይት። እኔ የሰጠሁት 20። ስለዚህ የ«ል» ሁለት ባይት ገባ፣ አንዱ ደጅ ቀረ። ማተሚያው ግማሽ ፊደል አያውቅም። ገብረመድህንም 7 ፊደል ስለሆነ እሱም ተቆርጧል። ቦታውን ማስፋት አንድ መፍትሔ ነው፤ ግን ነገ ደግሞ ረጅም ስም ሲመጣ ያው ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ዩቲኤፍ-8 እንዴት እንደተሠራ ሳነብ ነው። በ1992 ሴፕቴምበር ላይ ኬን ቶምሰን፣ ያው የዩኒክሱ ሰው፣ ከሮብ ፓይክ ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው፣ ከሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነደፉት። የነደፉት ፕላን 9 ለሚባል ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ንድፉ ላይ አንድ ብልሃት አለ። የአንድ ፊደል መጀመሪያ ባይት ስንት ባይት እንደሚከተለው ራሱ ይናገራል፤ በዜሮና በአንድ ሲጻፍ ለእኛ ፊደል በ1110 ይጀምራል። ተከታዮቹ ደግሞ ሁሌም በ10 ይጀምራሉ። ስለዚህ ጽሑፉ መሀል ድንገት ብትወድቂ እንኳ አትጠፊም። በ10 የሚጀምረውን እያለፍሽ ወደ ኋላ ከሄድሽ ቢበዛ በሁለት እርምጃ የፊደሉን መነሻ ታገኛለሽ። ኮዴ ላይ የጨመርኩት 4 መስመር ነው፦ ከመቁረጥህ በፊት ወደ ኋላ እየሄድክ ሙሉ ፊደል ላይ ቁም። ሶፍትዌራችሁን የሠራውን ልጅ ይህን ንገሪው፤ ይገባዋል።

ፕላን 9 ገበያ አላገኘም። ዛሬ በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 ነው፣ ከዚያች እራት 7 ዓመት በኋላ። ሲገባ ዩቲኤፍ-8 ላይ የተነካ ነገር የለም፤ ቦታው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀው። ያልተሳካ የምንለው ሲስተም በየቀኑ አማርኛ ያስጽፈናል።

ጥያቄ፦ የ1990ዎቹን ዓ.ም. ደብዳቤዎች ስከፍት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ነው የሚመጣው። ልጥላቸው? (ደሴ፣ ጸሐፊ)

እንዳትጥያቸው! ያኔ የግዕዝ ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ገና ስላልተለመደ፣ ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ እንደመሰለው ይጭነው ነበር። ኮምፒውተሩ ላቲን የጻፍሽ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚስለው። አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር አይበቃም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ይቀጥላል፣ ሌላው ለሁለት ፎንት ይከፍለዋል። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ መጀመሪያ እወቂ። ፎንቱን ጫኚና ይነበባል። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ፈልጊ። ዋናውን ፋይል ግን ከቀየርሽ በኋላም አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ በ2000 ኮምፒውተር ሁሉ ይቆማል ተብሎ ምንም አልሆነም። ይሄም ማስፈራሪያ አይደል? (ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ የሚሠራ)

ምንም ያልሆነው ብዙ ሰው ቀድሞ ስለደከመበት ነው። ቀጣዩን ግን ልንገርህ፤ ቀኑ ራሱ ያስቃል።

ዩኒክስ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩ የተቀመጠው በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ አሃዝ፣ ነበር። ያ ቦታ ከ2,147,483,647 ሰከንድ በላይ አይይዝም። የሚሞላው በእኛ ሰዓትና ቀን መቼ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት! ከተማው ታቦት ሊሸኝ ሲነሳ፣ ያልታደሰ ሲስተም በቀጣዩ ሰከንድ ቁጥሩ ተገልብጦ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ይላል። ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ማለት ነው።

አዲስ ኮምፒውተርና ስልክ አብዛኛው በ64 ቢት ስለሚቆጥር ችግር የለበትም። የሚያሰጋው የዱሮ ዳታቤዝ፣ የዱሮ የፋይል ቅርጽና ፋብሪካ ግድግዳ ላይ 20 ዓመት ሳይነካ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው። «ገና ነው» አትበል። አንተ የምትሠራበት ማኅበር ዛሬ የ15 ዓመት ብድር ቢያሰላ ያንን ቀን አሁኑኑ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ የእቁብ መተግበሪያ ሠርቼ ድምሩ በሳንቲም እየተሳሳተ አስቸገረኝ። ወላሂ ኮዱ ልክ ነው! (ኮምቦልቻ፣ ጀማሪ ፕሮግራመር)

አምንሃለሁ፣ ኮዱ ልክ ነው። ቁጥሩ ነው ልክ ያልሆነው። ጃቫስክሪፕት ላይ 0.1 እና 0.2 ደምር፤ 0.30000000000000004 ይልሃል። ኮምፒውተሩ በሁለት መደብ (በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሚያስብ 0.1ን በትክክል መጻፍ አይችልም። በ1959 ኮቦል የሚባለውን ቋንቋ የነደፉት ሰዎች ሥራቸው ደመወዝና ሂሳብ ስለነበር ይህን ጉዳይ መጀመሪያውኑ ነው ያሰቡበት። ኮቦል ላይ ስንት አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ ስንት ብለህ ትወስናለህ፤ ሂሳቡ በአሥር መደብ ይሄዳል። ኮቦል ተማር አላልኩህም፣ ቋንቋዋ ወሬ ታበዛለች። ብሩን በሳንቲም ቆጥረህ በሙሉ ቁጥር አስቀምጥ። 500 ብር 50000 ነው። ይህን ዛሬ ማታ ቀይር፣ ነገ እጣ ከመውጣቱ በፊት።

ጥያቄ፦ ዱሮ ሁሉ ጥሩ ነበር እያልክ ነው? ትዝታ ይዞህ እንዳይሆን። (ስሙን ያልጻፈ)

ትዝታ በወሎ ቢያምርም ዩኒክስ ሲሠራ እኔ አልተወለድኩም። ምን ልናፍቅ?

ዱሮ መጥፎም ሞልቶ ነበር። የሲ ቋንቋ ጽሑፍ ርዝመቱን አይዝም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ነው የሚያነበው። ከተጠቃሚ ጽሑፍ የሚቀበል አንድ ፈንክሽን ነበራት፣ «ጌትስ» የሚባል። ምን ያህል ቦታ እንዳለ አይጠይቅም፤ የመጣውን ሁሉ ያፈሳል። በ1988 ኢንተርኔትን ያንቀጠቀጠው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም) ከገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር። ፈንክሽኑ ከቋንቋው ደንብ የወጣው ግን በ2011 ነው። ስንት ዓመት! የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር ደግሞ በ1965 «ነል» የሚባለውን ባዶ ማጣቀሻ፣ «እዚህ ምንም የለም» የሚለውን ምልክት፣ ቋንቋ ውስጥ አስገባ። በ2009 ራሱ «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» ብሎ ጠራው። ለምን አደረግከው ሲባል፣ ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበረ ነው አለ። እኔም ያንን 20 ባይት የሰጠሁት በዚሁ ምክንያት ነው። አዲሶቹ ቋንቋዎች፣ እነ ረስትና እነ ኮትሊን፣ ነል ላይ ለምን እንደሚጨቃጨቁህ የሚገባህ ይህን ስታውቅ ነው። አለዚያ ኮምፓይለሩ (ኮድህን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ነገረኛ ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ አሁን ኮዱን ኤአይ ይጽፈው የለ?

ይጽፋል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የወልደሚካኤልን ስም አስቀምጥ ስትለው ግን 20 የምትለው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ከየት ልጀምር? ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔቱም እንደምታውቀው ነው። (ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ)

ላፕቶፕህን አትናቀው። ዩኒክስ የተወለደበት ፒዲፒ-7 ማሽን 8 ሺህ ያህል ቃል ሜሞሪ ነበረው፤ ዛሬ ስናሰላው 18 ኪሎባይት ገደማ። በስልክ ያነሳኸው አንድ ፎቶ ከዚያ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

መጀመሪያ ፓይፕን ተማር፤ የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለቀጣዩ የሚያቀብል ነው። የቤል ላብሱ ዳግ ማኪልሮይ ፕሮግራሞች እንደ ውኃ ጎማ ይቀጣጠሉ ብሎ በ1964 ጻፈ፤ ዩኒክስ ላይ የገባው በ1973 ነው። አንተ ባለህበት ከተማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተህ ካየህ ነገሩን ታውቀዋለህ። አንዱ ክፍል ይፈትላል፣ ቀጣዩ ይሸምናል፣ ቀጣዩ ያቀልማል። ፈታዩ ስለ ቀለም አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ሊነክስ ጫንና የአንድ ወር የሽያጭ ፋይል ወስደህ፣ አንዱ ትእዛዝ እንዲመርጥ፣ ሌላው እንዲደረድር፣ ሌላው እንዲቆጥር አድርገህ ቀጣጥላቸው። አንድም መስመር ፕሮግራም ሳትጽፍ ሪፖርቱ ይወጣል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ሥራ በኋላ በአንድ መስመር ሠርቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ቀጥሎ ኤክስቪ6 የሚባለውን አውርድ። ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የሠራው ትንሽ ሲስተም ነው፣ የ1975ቱን ስድስተኛውን ዩኒክስ ተከትሎ። የዚያ ዩኒክስ እምብርት 10 ሺህ መስመር አይሞላም ነበር። የሊነክስ ዛሬ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው፤ ማንም ሰው ብቻውን ከዳር እስከ ዳር አያነበውም። ይህኛውን ግን አንድ ክረምት ከሰጠኸው ትጨርሰዋለህ። በማስመሰያ ፕሮግራም ውስጥ ስለሚሠራ ላፕቶፕህን አያበላሽም። አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይፈልግም። ካልቻልክ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስትወጣ ፍላሽ ይዘህ ና፣ ከእኔ ትገለብጣለህ።