የምታግዙትን ፕሮጀክት ስትመርጡ

ልጆቼ፣

በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን የማገኛቸው ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡልኛል፦ «ኦፕን ሶርስ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየትኛው ፕሮጀክት ልጀምር?» ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ማንም እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ መልሱን በልባቸው ይዘው ነው የሚጠይቁት። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ተማሪ ሳለ በጀመረው፣ ኮምፒውተርን በሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት በሊኑክስ ላይ ስማቸው እንዲሰፍር ይመኛሉ።

ምኞታችሁን አልነቅፍም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ስመ ጥር ፕሮጀክት መርጬ፣ ሦስት ወር የለፋሁበትን ኮድ ልኬ ነበር። የመለሰልኝ ሰው አልነበረም። ቆይቶ ሲገባኝ፣ በዚያ ፕሮግራም እኔ ራሴ አንድም ቀን ሠርቼበት አላውቅም ነበር። ሕመሙን ሳልጠይቅ መድኃኒት ይዤ ሄድኩ።

እባካችሁ በየቀኑ ከምትገለገሉበት ፕሮግራም ጀምሩ፤ በተለይ ካበሳጫችሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ሙቀቱ በረድ ባለበት አንድ ምሽት፣ አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ ቤቴ መጣች። ለአንድ ሱቅ ደረሰኝ የምታዘጋጅበት ክፍት ፕሮግራም የከተማችንን ስም እየቆረጠ አስቸግሯታል። «ድሬዳ» ይልና በ«ዋ» ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ቅርጽ ያወጣል። አብረን ቆጠርን። ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት (ባይት የኮምፒውተር ማኅደር መለኪያ ነው) ይወስዳል፤ «ድሬዳዋ» 12 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ጽሑፉን 10ኛው ባይት ላይ ይቆርጠዋል። ሦስቱ ፊደላት 9 ባይት ወሰዱ፤ ለ«ዋ» የተረፈላት አንድ ባይት ብቻ ነው። እያንዳንዱ አንድ ባይት በሚወስድ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚጽፍ ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ይህን ስሕተት ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል። እናንተ ግን በመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ታዩታላችሁ። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንኳ በአማርኛ ያልተፈተሸ ስንት ፕሮግራም አለ!

ልጅቷ ወዲያው ለማስተካከል ቸኮለች። ቆይ አልኳት። መጀመሪያ የፈቃድ ሰነዱን አየን፤ ሰነዱ የሌለበት ኮድ ለዓለም ሁሉ ቢታይም መብቱ የባለቤቱ ብቻ ነው። ከዚያ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ የቆዩ ጥያቄዎችንና መልሶችን አንድ ሰዓት ያህል አነበብን። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው። ፕሮጀክቱን የሚመሩት ሰዎች ለጀማሪ እንዴት ይመልሳሉ? ያላዋቂ ጥያቄ የጠየቀውን ያዋርዱታል ወይስ ያስረዱታል? የመጨረሻውን የሰው ሥራ የተቀበሉት መቼ ነው? ቁጡ ሰዎች ያሉበት ፕሮጀክት የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን እለፉት፤ ወጣትነታችሁን እዚያ አትጨርሱ።

ሰነድ ማስተካከልንና ወደ አማርኛ መተርጎምንም አትናቁ። አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሲቀጠር የመጀመሪያ ሥራው መፍቻ ማቀበል ነበር፤ እያቀበለ ነው የሞተሩን ድምፅ መለየት የተማረው።

የልጅቷ ማስተካከያ አራት መስመር ሆነ። ከሥሩ አንድ መፈተሻ አከለችበት፤ ፕሮጀክቱን የሚመራው ሰው ሁለት ጊዜ አሳርሟት ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ በየትም አገር ያለ ሰው በዚያ ፕሮግራም ላይ ለውጥ ሲያስገባ፣ መፈተሻው «ድሬዳዋ» ብሎ ይጽፍና አራቱም ፊደላት መኖራቸውን ይቆጥራል።