ስለ ቆሻሻ መለየት ጠይቁኝ፦ ከትምህርት ቤትና ከቢሮ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ቆሻሻቸውን መለየት ሲጀምሩ አብሬያቸው መሥራት ነው። የሰው ቅርጫት እየገለበጡ ማየት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎርፏል። በደረሰኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን ቆሻሻ መለየት ሊጀምር ነው። ባለሦስት ቀለም ቅርጫት ልንገዛ አስበናል። ከየት እንጀምር?

መምህርት፣ ግዢውን ለጊዜው ያቆዩት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «የተለየውን ማን ይወስደዋል?» ነው። ወረቀቱን የሚረከብ ሳይኖር የወረቀት ቅርጫት ካስቀመጥን ልጆቹን ማታለል ይሆናል። ልጆች ደግሞ ቶሎ ይነቃሉ። ተረካቢውን ፈልጉና ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ምን ይቀበላል? ወረቀትና ካርቶን አንድ ላይ ይሁን ወይስ ለየብቻ? በስንት ቀን ይመጣል? ምን ያህል ሲሞላ? የቅርጫቱ ብዛትና ዓይነት የሚወሰነው ከእሱ መልስ ነው።

ከዚያ የአንድ ቀን ቆሻሻችሁን መዝኑ። መሬት ላይ ሸራ ዘርጉ፣ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ በየዓይነቱ ክምር ሠርታችሁ እያንዳንዱን ሚዛን ላይ አውጡ። ከመማሪያ ክፍል፣ ከካፊቴሪያና ከአስተዳደር የመጣው አይቀላቀል። የመጸዳጃ ቤቱን ፈጽሞ አትንኩ። ቀኑ የተለመደ ቀን ይሁን፤ የፈተና ሳምንት ወይም የበዓል ዋዜማ ከሆነ ያሳስታል። ሁሉም ሰው «የእኛ ቆሻሻ ወረቀት ነው» ይላል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን የምግብ ትርፍ በልጦ የተገኘበትን ቦታ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ቅርጫት አስቀመጥን፣ ፖስተር ለጠፍን፣ ስብሰባ ላይም ተናገርን። ሰዉ አሁንም ሁሉንም ይደባልቃል። ግድ የለውም ማለት ነው?

አይመስለኝም። ሰው ቆሻሻ የሚጥለው እየተራመደ፣ ሌላ ነገር እያሰበ ነው። ቆም ብሎ ፖስተር አያነብም። ስለዚህ ሰዉን ከመውቀሳችሁ በፊት ቅርጫቱን ተመልከቱት።

አንዱ ትልቁ ስህተት ቅርጫትን ብቻውን ማቆም ነው። ኮሪደር ላይ የወረቀት ቅርጫት ብቻውን ካለ የሙዝ ልጣጩም እዚያው ይገባል፤ ሌላ የት ይሂድ? የማይለየው፣ ማለትም የተራ ቆሻሻው፣ ቅርጫት ሁልጊዜ ከሚለየው ጎን ለጎን ይቁም። ቢሮ ከሆነ ደግሞ ከየጠረጴዛው ሥር ያሉትን ትናንሽ ቅርጫቶች አንሷቸው። መጀመሪያ ሳምንት ጉርምርምታ ይኖራል። ከዚያ ሰው ተነስቶ መጣል ይለምዳል፤ ሲነሳም ምን እንደያዘ ያያል።

ክዳኑም ራሱ ይናገር። ለወረቀት ቀጭን ስንጥቅ፣ ለጠርሙስና ለጣሳ ክብ ቀዳዳ። እጅ ከዓይን ቀድሞ ይረዳዋል። ምልክቱ ላይ «ደረቅ»፣ «እርጥብ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። ሚዛን ላይ ያወጣችኋቸውን ዕቃዎች ፎቶ አንሱና ከቅርጫቱ በላይ፣ በዓይን ትይዩ ለጥፉ። ለትንንሽ ልጆች በእነሱ ቁመት ልክ ይሁን።

ስለ ቀለም የጠየቃችሁም ብዙ ናችሁ። ዓለም በሙሉ የተስማማበት ቀለም የለም። አረንጓዴ ስፔን ውስጥ የጠርሙስና የብርጭቆ ነው፤ አውስትራሊያ ብዙ ቦታ የአትክልት ተረፈ ነው። አካባቢያችሁ ደንብ ካለው እሱን ተከተሉ። ከሌለው ራሳችሁ ምረጡ፤ ዋናው ከፎቅ ፎቅ አለመለያየቱ ነው።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሰዎቹ ለይተው ይጥላሉ። ለእኔ የተሰጠኝ ግን አንድ ጋሪና አንድ ዓይነት ከረጢት ነው። ያው አንድ ላይ እከተዋለሁ። ያየኝ ሁሉ ይወቅሰኛል።

እህቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህን ጥያቄ ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ከሁሉም የምፈልገው እሱን ነበር።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኃላፊዎቹ ጋር ወራት የፈጀ ዕቅድ አወጣን። ቅርጫቱ ቆንጆ፣ ሥልጠናውም ጥሩ ነበር። የጽዳት ሠራተኞቹን ግን ማናችንም አላናገርንም። በጠዋት ፈረቃቸው ሁሉን ፎቅ ለመጨረስ የሚሰጣቸው ሰዓት ለአንድ ዙር ብቻ ነበር። ሁለት ዙር ከየት ይምጣ? የቢሮው ሠራተኛ ከረጢቱ ሲደባለቅ አየ፤ በሳምንቱ መለየቱን ተወው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማናግረው ቅርጫቱን የሚያነሳውን ሰው ነው።

አለቃዎን እነዚህን ይጠይቁ፦ ባለሁለት ክፍል ጋሪ፣ በቀለም የሚለይ ከረጢት፣ ወፍራም ጓንት፣ ለተጨመረው ሥራ የተጨመረ ሰዓት። እንዲሁም ሰው አደባልቆ የጣለውን እጅ አስገብተው እንዲለቅሙ አይስማሙ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም መርፌ ይኖራል። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ከተደባለቀ እንደ ተራ ቆሻሻ ይሂድና የዚያ ክፍል ሰዎች ይነገራቸው። ተለይቶ የሚሸጥ ነገር ካለ ደግሞ የገቢው ድርሻ ለጽዳት ሠራተኞች እንዲሆን ይጠይቁ። ይህን በየሄድኩበት እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ ሥር ባለሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። ቁጥር ካለው መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው የሚናገረው። አሜሪካ ውስጥ የፕላስቲክ አምራቾች ማኅበር በ1988 ያወጣው መለያ ነው፤ ከ1 እስከ 7 ይሄዳል። 1 የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ነው። 2 ጠንካራው ነው፤ የሻምፖና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ይሠራበታል። ሁለቱ በብዙ ቦታ ተቀባይ አላቸው። 5ን የሚወስድም አለ። 3፣ 6 እና 7 ብዙ ጊዜ ወሳጅ የላቸውም።

ሰውን የሚያምታታው ቀስቶቹ ናቸው። የሚሽከረከሩት ሦስት ቀስቶች በ1970 ጋሪ አንደርሰን የተባለ ተማሪ ለአንድ የካርቶን አምራች ድርጅት ውድድር የነደፋቸው ናቸው። የፕላስቲክ አምራቾቹ በኋላ ተመሳሳዩን ወሰዱና ሰው ሁሉ «ይሄ ይመለሳል» ብሎ አሰበ። ስለዚህ በቁጥሩ ሳይሆን በተረካቢያችሁ ዝርዝር ተመሩ።

ጥያቄ፦ ጠርሙስና ጣሳ መታጠብ አለበት?

ባዶ ይሁን እንጂ በሳሙና መታጠብ የለበትም። ግማሽ የቀረ ለስላሳ አጠገቡ ያለውን ወረቀት በሙሉ ያበላሻል። ከቅርጫቶቹ አጠገብ የፈሳሽ መድፊያ ባልዲ አስቀምጡ። ቀላል ነገር ነው፤ ለውጡ ግን ይታያል።

ጥያቄ፦ የቡና የወረቀት ኩባያ ከወረቀት ጋር ይሄዳል? ሶፍትስ? ደረሰኝስ?

ሦስቱም አይሄዱም። ኩባያው ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ለዚያ የተዘጋጀ ፋብሪካ ብቻ ነው። የሶፍት ቃጫ በጣም አጭር ነው፤ በዚያ ላይ ቆሽሿል። የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚጻፍበት፣ ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ነው። የስቴፕለር ሽቦ ግን አያሳስባችሁ፤ ፋብሪካው ያጣራዋል።

የወረቀት ቃጫ በየዙሩ ያጥራል። ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ከተመላለሰ በኋላ ያበቃለታል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ከወረቀት ቅርጫት በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፦ ፕሪንተሩን ሁለቱንም ገጽ እንዲያትም ማስተካከል።

ጥያቄ፦ የተማሪ አካባቢ ጥበቃ ክበብ ነን። ኮምፖስት ጀመርን፤ ሸተተ። ዳይሬክተሩ ሊያስዘጉት ነው።

ልጆች፣ አትደንግጡ፤ ይስተካከላል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል። አገላብጡትና ደረቅ ነገር ጨምሩበት። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ከሆነ ደግሞ ናይትሮጂን በዝቶበታል፤ ማለትም የምግብና የአረንጓዴ ተረፈ። መድኃኒቱ ያው ደረቅ ነገር ነው። ክምሩ የሚወደው ለ1 እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው፤ ካርቦኑ የሚበዛው በደረቁ ነገር ነው፣ በምግቡም ውስጥ አለ። በባልዲ ስንናገረው ለ1 ባልዲ የምግብ ተረፈ 2 ወይም 3 ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀደደ ካርቶን ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ። የምግብ ተረፈውን በጨመራችሁ ቁጥር በደረቅ ሸፍኑት። እርጥበቱ ተጨምቆ ውኃው እንደወጣለት ስፖንጅ ይሁን።

ሥጋ፣ ወተት ነክና ዘይት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። ክምሩ በቁመትም በጎንም 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ሙቀት ይይዛል። ደህና ክምር መሃሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ቴርሞሜትር ገዝታችሁ በየቀኑ መዝግቡና ሰንጠረዡን ለዳይሬክተሩ አሳዩአቸው። ይህንም ንገሯቸው፦ ያ ምግብ ቆሻሻ ተራራ ሥር ቢቀበር አየር አጥቶ ሚቴን ያወጣ ነበር። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል።

ጥያቄ፦ ያለቀ ባትሪና አሮጌ ስልክስ?

ከሌላው ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። ሊቲየም ባትሪ በጋሪ ወይም በመኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ በተለየ ዕቃ አስቀምጡ። ያበጠ ካያችሁ አትጫኑት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖልም ሜርኩሪ ስላለው ሳይሰበር ለብቻው ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «መጨረሻው አንድ ቦታ ነው፣ ልፋ ቢላችሁ ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው?

ግማሹ እውነት አላቸው፤ አይካዱባቸው። በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ እስከ 2015 በዓለም ላይ ከተፈጠረው የፕላስቲክ ቆሻሻ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ነው። ቻይና በ2018 ከውጭ የሚገባውን አብዛኛውን የፕላስቲክ ቆሻሻ ስትከለክል ስንቱ አገር መጣያ እንዳጣ ታይቷል።

አልሙኒየም ግን ሌላ ታሪክ ነው። አሮጌውን ጣሳ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማምረት ከሚፈጀው ጉልበት 95 በመቶ ያህሉን ያድናል። ብረትና ብርጭቆም ጥራታቸው ሳይወርድ ደጋግመው ይመለሳሉ። ለአለቃዎ ከንግግር ይልቅ ወረቀት ያሳዩአቸው። ተረካቢው በመጣ ቁጥር ኪሎውን ጽፎ ይፈርም። ሦስት ወር ሲጠራቀም ይዘውት ይግቡ።

ጥያቄ፦ ብዙ ጠርሙስ የሰበሰበ ክፍል ይሸለም ብለናል። ጥሩ ነው?

አልወደውም። ልጆቹ ለማሸነፍ ሲሉ ጠርሙስ ከቤት ያመጣሉ፤ አንዳንዱም ይገዛል። የማይለየው ቆሻሻው ከሁሉ ያነሰ ክፍል ይሸለም። ውኃ በራሱ ኮዳ የሚያመጣ ልጅ ያኔ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ያው የጽዳት ሠራተኛዋ ነኝ። ባለሁለት ክፍል ጋሪ ቢሰጡኝም ካርቶኑ አይገባልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል።

ካርቶን በጋሪ አይሂድ። ዕቃው የመጣለት ሰው ራሱ ስኮቹን ልጦ፣ ጠፍጣፋ አድርጎ ሊፍት አጠገብ ግድግዳ ላይ ያስደግፈው። እርስዎ በመጨረሻ ዙር አንድ ላይ በገመድ አስረው ያወርዱታል። ለአለቃዎ ያስነግሩ፦ ያልተጣጠፈ ካርቶን አይነሳም።