የቆጡን አወርድ ብዬ ሰባት ባንድ ያጣሁበት ምሽት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የ3 ቀን የጃዝ ፌስቲቫል ትኬት ገዝተሻል። የምትሄጂው ብቻሽን ነው። ዝርዝሩ ላይ ከ40 በላይ ባንድ አለ፣ የግማሹን ስም ሰምተሽ አታውቂም። «እንዴት ልምረጥ? መቼስ ነው የሚጨበጨበው? እንዳላፍር ብዬ ነው» ብለሻል። አንዳንዶች ትልልቆቹን ስሞች አስምሪና ከመድረክ መድረክ ሩጪ ብለው መልሰውልሻል። እኔ አልስማማም። 16 ዓመት ሙሉ ትርፍ ጊዜዬንና ትርፍ ገንዘቤን (አንዳንዴ ትርፍ ያልሆነውንም) የበላው ጃዝን በአካል ተገኝቶ መስማት ነው። የምነግርሽ በአብዛኛው ከተሳሳትኩት የተማርኩትን ነው።

የመጀመሪያ ፌስቲቫሌ ላይ እኔም ሯጭ ነበርኩ። በደቂቃ የተከፋፈለ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሴ ከተትኩ። በአንድ ምሽት 7 ባንድ አየሁ። የአንዱን መጨረሻ፣ የሌላውን መጀመሪያ፣ የሦስተኛውን ደግሞ በር ላይ ቆሜ በሰው ትከሻ መሃል። ወደ ማረፊያዬ ስመለስ እግሬ ተቃጥሏል፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አንድም ዜማ የለም። በማግስቱ ቁርስ ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው «ትንሿ አዳራሽ ውስጥ የነበረውን የሦስት ሰው ባንድ፣ ትሪዮውን፣ ሰማኸው? መጨረሻ ላይ የሆነውንስ?» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። 15 ደቂቃ ብቻ። ሞቅ ሳይል ነበር የወጣሁት፤ የወጣሁትም ታዋቂ ዘፋኝ ለማየት። ከዘፋኙም ያየሁት ፀጉሩን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ጃዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ይብስበታል። አንዱ ባንድ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ድምፁ በደንብ ሳይፈተሽ ይጀመራል። የመጀመሪያው ሥራ እየተጫወተ የድምፅ ባለሙያው ገና የቤዙን (የወፍራም ድምፁን ባለ ክር መሣሪያ) ድምፅ እየፈለገው ነው። ድራመሩ የራሱ ያልሆነ ድራም ላይ ተቀምጦ ወንበሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፒያኒስቱ የዚያን ፒያኖ ጠባይ እየለመደ ነው። ሁለተኛው ላይ እርስ በርስ መደማመጥ ይጀምራሉ። እኔ እንዳየሁት ነገሩ የሚነሳው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው በኋላ ነው። በ20ኛው ደቂቃ ከወጣሽ ያየሽው ዕቃ ሲዘረጋ ነው።

ለዚህ ሁሌ የማነሳው የኒውፖርትን ታሪክ ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ በ1954 ተጀመረ። በ1956፣ ጁላይ 7 ማታ፣ ፒያኒስቱና የባንድ መሪው ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ መድረክ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ስሙ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ጊዜው አልፎበታል የሚሉም ነበሩ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ወደ መውጫው የሚያመራ ሰው አለ። ኤሊንግተን ሁለት የቆዩ ሥራዎቹን አያይዞ ሲያጫውት፣ በመሃላቸው ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንዛልቬስ ለሶሎ፣ ማለትም ብቻውን ጎልቶ ለመጫወት፣ ተነሳ። ባለ 12 ባር ብሉዝ ነው (ባር ማለት አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት የሚይዝ የሙዚቃ ክፍል ነው)። 27 ጊዜ ዞረው። አባዝተሽ ካየሽው 324 ባር፣ በአንድ ሰው ትንፋሽ። አንዲት ሴት ተነስታ መደነስ ጀመረች። ከዚያ ሕዝቡ ወንበር ላይ ወጣ፣ አዘጋጆቹ ረብሻ ይነሳል ብለው ፈሩ። የሚያስቀው፣ ጎንዛልቬስ የሳክስፎኑን አፍ የደገነው ለአልበሙ ወደሚቀዳው ማይክራፎን ሳይሆን ለሬዲዮ ወደተተከለው ነበር። በመጀመሪያው አልበም ላይ ሳክስፎኑ ከሩቅ የሚሰማው ለዚህ ነው። ቀድመው ወደ መኪናቸው የሄዱት ሰዎች ግን አሁንም ያሳዝኑኛል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። በቀን 3 ባንድ ይበቃል። አንዱ የምታውቂውና የምትወጂው ይሁን። አንዱ ስሙን ሰምተሽ የማታውቂው። የሦስተኛውን ቦታ ባዶ ተዪው፣ እዚያው ስትደርሺ ይሞላል። የማታውቂውን ለመምረጥ የመሪውን ስም ዝለዪና ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። ድራሙን የሚመታው ማነው? ቤዙንስ? ከዚያ የምትወጃቸውን አልበሞች አውጥተሽ ተጫዋቾቹን እያቸው። ያው ስም ሁለት ሦስት ቦታ ብቅ ይልልሻል። የሳክስፎኒስቱን የዌይን ሾርተርን የመጨረሻ ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) የወደደ ሰው ድራም ላይ የነበረው ብራያን ብሌድ መሆኑን ካወቀ፣ ብሌድ የራሱን ባንድ ይዞ ሲመጣ አያልፈውም። እኔ ድራመር ተከትዬ ሄጄ የተቆጨሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ዘፋኝ ተከትዬ ግን፣ ከላይ ነገርኩሽ።

«ጃዝ» የሚለው ስም ደግሞ አያታልልሽ። ስዊዘርላንድ ያለው የሞንትሮ ፌስቲቫል በ1967 ለጃዝ ተብሎ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሮኩም የሶል ሙዚቃውም ገባበት፣ የፖፕ ኮከቡ ፕሪንስ ሳይቀር ተጫውቶበታል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ጥሩ ነገር ነው። ብቻ የሆነ ስም ትልቅ ሆኖ ስለተጻፈ ጃዝ ይጫወታል ማለት አይደለም። ኔዘርላንድስ ያለው የኖርዝ ሲ ፌስቲቫል በ1976 ሄግ ላይ ጀምሮ በ2006 ወደ ሮተርዳም ዞረ፤ እዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ግዙፍ ሕንፃ በብዙ መድረክ በአንድ ጊዜ ነው የሚካሄደው። መድረኮቹ በወንዝ ስም ነው የሚጠሩት፦ አማዞን፣ ኮንጎ፣ ናይል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ትንንሾቹ አዳራሾች ቶሎ ይሞላሉ። የምትፈልጊው ትሪዮ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ከእሱ በፊት ያለውን ባንድ እዚያው ተቀምጠሽ ስሚ። ካናዳ ያለው የሞንትሪያል ፌስቲቫል ደግሞ ብዙ ኮንሰርት ደጅ ላይ በነፃ ስለሚያቀርብ ቦታ መያዝ ሳይሆን መቆም መቻል ነው ጭንቁ። ያንቺ የትኛውን እንደሚመስል አስቀድመሽ ካርታውን እዪ።

ቦታ አመራረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት መሃል ላይ መቆም ምርጥ ይመስላል፣ ግን ድምፁ በጭንቅላትሽ ላይ ያልፋል፤ ለአንቺ የሚተርፍሽ ድራምና የመድረኩ ጩኸት ነው። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ዘርግቶ የቆመበትን ፈልጊ። ሰውዬው የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ የሚሰማውን ነው፤ እሱ አጠገብ ከቆምሽ የእሱን ጆሮ ተዋስሽ ማለት ነው። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ ግን ተጠጊ። ወደ መድረኩ ዞረሽ በስተግራ ከተቀመጥሽ የፒያኒስቱን ጣቶች ታያለሽ። የፒያኖው ክዳን ድምፁን ወደ ሕዝቡ እንዲመልስ ስለሚፈለግ ተጫዋቹ ሁሌ ማለት ይቻላል በዚያ በኩል ነው።

አንድ ጊዜ ከድራሙ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ወንበር አገኘሁ። ቀስ ያለ ባላድ ነበር። ድራመሩ በሽቦ ብሩሽ ስኔሩ (ፊቱ ያለው ትንሹ ድራም) ላይ ክብ ይሠራል። ግራ እጁ ሳያቋርጥ ይጠርጋል፣ ቀኝ እጁ ምቱን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ከብሩሹ አንዷ ሽቦ ተጣማ ወጥታለች፤ በዞረች ቁጥር ቆዳው ላይ ቀጭን ጭረት ትተዋለች። ቤቴ ያንን ድምፅ ስሰማ የኖርኩት እንደ «ሽሽሽ» ነበር። ለካ ውስጡ ሁለት እጅ የሚያወራው ወሬ አለ። ከዚያ በኋላ ቤት ያሉኝን አልበሞች ሁሉ እንደ አዲስ ነው የሰማኋቸው።

ጆሮሽን ጠብቂ፣ ይህን በአጭሩ ልለፈው። ለ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) በቀን 8 ሰዓት ይፈቀዳል የሚባለው ልኬት 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሺ የሚተርፍሽ 15 ደቂቃ ነው። ለሙዚቃ ተብሎ የሚሠራ የጆሮ መክደኛ ያዢ። የስፖንጁ የሲምባሉን (ከድራሙ ጋር ያለውን የብረት ሳህን) ድምፅ ይገድልብሻል።

ጭብጨባውን በተመለከተ አትጨነቂ። አብዛኛው ሥራ አንድ ዓይነት አካሄድ አለው፦ መጀመሪያ ዜማውን አብረው ይጫወታሉ፣ ከዚያ በየተራ ሶሎ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዜማው ይመለሳሉ። አንድ ሰው ሶሎውን ሲጨርስ ሙዚቃው እየቀጠለ ይጨበጨባል። ደስ ካላለሽ አለማጨብጨብ ነውር አይደለም። የቤዝ ሶሎ ሲመጣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ነው ሕዝቡ ወሬ የሚጀምረው። እባክሽ ያኔ ዝም በይ። ባላድ ሲያልቅ ደግሞ የሲምባሉ ድምፅ ጭራ እስኪጠፋ ጠብቂ። እኔ አንዴ መሃል ላይ ዝም ሲሉ አለቀ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ፒያኒስቱ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ቀጠለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሌላው ሰው ግን በሁለት ደቂቃ ረሳው። አሁንም የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ከምቱ ጋር ማጨብጨብ ካማረሽ፣ ከባሩ አራት ምቶች 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው። 1ኛውና 3ኛው ላይ ካጨበጨብሽ ሙዚቃው ሰልፍ ይመስላል። ዘፋኙና ፒያኒስቱ ሃሪ ኮኒክ ጁኒየር ፒያኖ ሲጫወት ሕዝቡ 1ና 3 ላይ ቢያጨበጭብበት፣ አንድ ባር ላይ አንድ ምት ጨመረበት። ሕዝቡ ማጨብጨቡን ቀጠለ፣ ግን አሁን ሳያውቀው 2ና 4 ላይ ነበር። ቪዲዮው አለ፤ ከኋላ ያለው ድራመር ምን እንደተደረገ ሲገባው እጁን ወደ ላይ ያነሳል።

ብቻዬን ነኝ ያልሽው ላይ ጭራሽ አትዘኚ። ከጓደኛ ጋር ስትሄጂ እሱ ሲሰለቸው አብረሽ ትወጫለሽ። ብቻሽን ስትሆኚ ትቆያለሽ። ደግሞም ከጎንሽ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ካንቺ የባሰበት ነው። እኔን የመድረክ ምልክቶችን ያስተማሩኝ የማላውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። ሳክስፎኒስቱ በእጁ አናቱን መታ መታ ሲያደርግ ክርናቸውን ጎኔ ላይ አሳረፉና «አሁን ወደ ዜማው ይመለሳሉ» አሉኝ። ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው አራት ጣት አሳየ። «አራት አራት ባር እየተቀባበሉ ነው፣ ድራሙን ስማው» አሉ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኳቸውም።

ስልኩን ኪስሽ ክተቺው። በ16 ዓመት ከቀረጽኩት ቪዲዮ ሁሉ መልሼ ያየሁት ሁለቱን ይመስለኛል፤ ሁለቱም የሚያሳዩት የፊተኛውን ሰው ስልክ ነው። የፒያኒስቱን የኪት ጃሬትን ያህል ቁጡ ሙዚቀኛ አይግጠምሽ እንጂ፤ እሱማ በፎቶና በሳል ምክንያት ጨዋታውን ያቋርጥ ነበር።

ማታ ዋናው መድረክ ሲዘጋ ሙዚቀኞቹ የት እንደሚሄዱ ጠይቂ። ብዙ ፌስቲቫል ሌሊት ጃም ሴሽን (ሙዚቀኞች ሳይዘጋጁ ተሰባስበው የሚጫወቱበት) አለው፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ። ኒው ዮርክ ያለውን ቪሌጅ ቫንጋርድ አስቢ፦ ምድር ቤት ያለ፣ በ1935 የተከፈተ፣ ከመቶ ሰው ብዙም የማያልፍ የሚይዝ ክለብ። ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ ከትሪዮው ጋር ጁን 25 ቀን 1961 እዚያ በአንድ እሑድ 5 ዙር ተጫወተ፣ ተቀዳ። ቅጂው ላይ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ቤዙን የተጫወተው ስኮት ላፋሮ ከ11 ቀን በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር። እያወሩ የነበሩት ሰዎች ምን ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ አላወቁም።

የመጨረሻ ቀንሽን የመጨረሻ ሰዓት ለትንሹ መድረክ አስቀምጪ። እኔ እንዲህ ባለ ሰዓት ዝናብ የበተነው ሕዝብ ውስጥ ቀርቼ ነበር፤ ቆጥሬያለሁ፣ 11 ሰው ነን። በመሃል የቤዙ አምፕሊፋየር ጠፋ። ቤዚስቱ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየው፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ መጫወቱን ግን አላቆመም። ድራመሩ ዱላዎቹን ወለል ላይ አስቀምጦ በመዳፉ መምታት ጀመረ። ፒያኒስቱ እጁን አለሰለሰ። እኛም ማንም ሳይጠራን ወንበራችንን እየጎተትን ተጠጋን፣ እስከ መድረኩ ጫፍ። ጣቱ ክሩን ሲለቅ እንጨቱ የሚያወጣውን ድምፅ እሰማ ነበር።

ዝርዝሩን እዚሁ ለጥፊው፤ ከነትንንሹ ፊደል። ድራመሮቹን አብረን እንያቸው።